ነዳጅ መተው ይቻላል? ከመኪናው በፊት ትራንስፎርመሩን እንይ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተና ልጽፈው ወሰንኩ።

እናቴ ቤት ነበርኩ፣ ከአዲስ አበባ ዳር። እንጀራ እየጋገረች ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ አማሩ። ከዚያ ምጣዱ ደከመ። መብራት አልሄደም፣ አምፖሉ ብቻ ወደ ቢጫ ተቀየረ። ሊጡን አዙራ አፈሰሰች፣ አክንባሎውን ከደነች፣ ጠበቀች። ስትከፍተው እንጀራው ዓይን የለውም። ልሙጥ ነው፣ መሃሉም አልበሰለም። በሰፌድ ስታወጣው ተቀደደ። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ተኩል ነበር። በዚያው መስመር ላይ ያሉ ሦስት ጎረቤቶች የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተዋል፣ ሦስቱም ከሥራ እንደገቡ ነው የሚሰኩት። እናቴ ምንም አላለችም። የቀረውን ሊጥ ከድና አስቀመጠች፣ ወጡን ለማሞቅ ከሰል አያያዘች።

ክርክሬ ይሄ ነው። የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት ዓለም የድንጋይ ከሰልን፣ ነዳጅ ዘይትንና ጋዝን መተው አለበት። በዚህ አልከራከርም። እኛ ደግሞ ከብዙ አገሮች በተሻለ ይቻለናል ባይ ነኝ። መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመጣ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ይፋ ሆኗል። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ጉልበቱ አለን። አንቆ የያዘን የመጨረሻው 500 ሜትር ነው፣ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ እናቴ ምጣድ ያለው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ክሩ፣ ማለትም ከጽሑፌ ሥር የተከተለው ውይይት፣ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። አዲስ ለሚገቡ እንዲመች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጣለሁ።

መልስ 1። የኤሌክትሪክ መኪና ከያዘ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ሰው ነው። በትህትና ጀመረ፣ ለእናቴም ሰላምታ ላከ። ድሮ ቪትዝ ይነዳ ነበር። የማደያ ሰልፍ ይዞ መኪናው ውስጥ ያደረበት ሌሊት አለ። አሁን የወሩ ቻርጅ የድሮውን የአንድ ሳምንት ቤንዚን ዋጋ አይሞላም። በእሱ እምነት ይቻላል አይቻልም የሚባልበት ጊዜ አልፏል፣ ነገሩ እየሆነ ነው። ማታ ሲሰካ ጎረቤቱ ምጣድ ላይ ምን እንደሚደርስ ግን አስቦት እንደማያውቅ አልደበቀም። ደስ አለኝ።

መልስ 2። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። ቁጥሬን አረመችው። 5,150 ሜጋ ዋት የሚባለው ሁሉም ተርባይኖች ባንድ ጊዜ በሙሉ አቅማቸው ሲዞሩ ነው። ግድቡ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይሄ ለዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት አካባቢ ይሆናል። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል ብንል፣ ባንዴ ግማሽ ሚሊዮን ምጣድ ማለት ነው። ብዙ ነው፣ ግን እኔ እንዳስመሰልኩት የማያልቅ አይደለም።

ስለ ትራንስፎርመሩ ግን ከእኔ ጋር ናት። ስሌቷን ቀለል አድርጋ አስቀመጠችው። 200 ኬቪኤ (ኬቪኤ የትራንስፎርመሩ የመሸከም አቅም ነው፣ እዚህ ላይ እንደ ኪሎ ዋት ቁጠሩት) የሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር 57 ምጣድ ባንዴ ከተሰካበት ሞላ። ቤት የሚገጠም 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ሁለት ምጣድ ነው። ሦስት መኪና ስድስት ምጣድ ይሆናል። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ሲሆን ደግሞ ቀድሞ የሚደክመው መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ነው። የእናቴ ቤት መጨረሻው ቤት መሆኑን ሳልነግራት ገመተች። ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን ኬቪኤ አንብቤ፣ ስንት ቤት እንደሚጠቀምበትም ቆጥሬ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ያን ቀን አላደረግኩትም።

መልስ 3። አንዱ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ፓነል መግጠም አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። መሐንዲሷ እዚያው መለሰችለት። ፓነሉ የሚያመነጨው ቀን ነው፣ ምጣዱም መኪናውም የሚሰኩት ማታ። ባትሪ ካልታከለ አይገናኙም። ቅዳሜና እሁድ በቀን ለሚጋግር ግን ጥሩ ነው።

መልስ 4። የነዳጅ ቦቴ ሹፌር ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 14 ዓመት ተመላልሷል። ቁጣ የለበትም፣ ቃሉ ግን ይከብዳል። ሁላችንም ስለ ቤት መኪና ብቻ ማውራታችን አሳዝኖታል። አገሪቱን የሚያንቀሳቅሰው ናፍጣ ነው ባይ ነው። ስንዴው፣ ብረቱ፣ ማዳበሪያው፣ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ራሳቸው ከወደብ ሲመጡ የሚጫኑት በናፍጣ መኪና ነው። የእሱ ቦቴ ደርሶ መልስ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ 800 ሊትር አካባቢ ይበላል። ነዳጅ ለማምጣት ነዳጅ ያቃጥላል። ከሚሌ ወደ ጋላፊ ያለውን መንገድ ሲገልጸው ሙቀቱ ተሰማኝ። ጎማ ሲፈነዳ ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ ከራሱ መኪና ሥር ገብቶ ነው እርዳታ የሚጠብቀው። እዚያ በረሃ ላይ 40 ቶን የጫነ የኤሌክትሪክ መኪና የት ይሰካል ብሎ ጠየቀ፣ ጥያቄውም የምር ነው።

መልስ 5 እና 6። አምስተኛው ሰው ሹፌሩን ለማረም መጣ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ከጫፍ እስከ ጫፍ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ መደበኛ ሥራ ላይ ያለ። ስለዚህ ከባድ ጭነትን ያለ ናፍጣ ማንቀሳቀስ ሕልም አይደለም፣ አድርገነዋል። ቻይና ውስጥም በባትሪ የሚሄዱ ከባድ መኪኖች በፍጥነት እየበዙ ነው። ፍሬ ነገሩ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ሹፌሩን እንዳላዋቂ የቆጠረ ነበር። ሹፌሩም በ6 መለሰለት። ባቡሩን ጎን ለጎን ስለሚነዳ በየሳምንቱ ያየዋል፣ አይቃወመውም። ባቡሩ ግን ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ጭነቱን ያራግፋል። ከሞጆ እስከ ወረዳው ያለውን ማን ይወስደዋል? አይሱዙ ነው፣ ናፍጣ ነው። እኔ እዚህ ላይ ከሹፌሩ ጋር ነኝ። የእሱ የመጨረሻ 100 ኪሎ ሜትርና የእናቴ የመጨረሻ 500 ሜትር አንድ ዓይነት ችግር ናቸው።

መልስ 7። አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ዕድሜያቸውን ባይናገሩም ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ከተማ ማገዶ መቀየሩ ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ አስታወሱን። አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋ ተመነጠረ፣ ማገዶ ጠፋ። አፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚያው ያቆያት በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል። እሳቸው ልጅ ሆነው ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ግንባራቸው መሬት ሊነካ ሲደርስ ያዩ ነበር። ከዚያ ሸክም ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻገረ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው መሻገር እንደማያቅተው ያምናሉ። ይሄን መልስ ሁለቴ አነበብኩት።

ከ8 እስከ 10 ያሉት ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል አይጠጣም በሚል ተያያዙ። አንዱ የአያቱ ምንጭ በባሕር ዛፍ ደረቀ ብሏል፣ ሌላዋ ቤተሰቧ በባሕር ዛፍ ሽያጭ ልጆች አስተምሯል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ግን ከጉዳያችን ወጡ።

መልስ 11። እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ተቆጥቷል። የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት የካርቦን ልቀት ከነዳጅና ከኢንዱስትሪ ሲሰላ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም፣ የአንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ ነው። ታዲያ የምንተወው ምን አለንና ነው? መጀመሪያ እነሱ ይተዉ፣ እኛ ገና አልጀመርንም። አፍሪካ በሙሉ ተደምሮ የዓለምን ልቀት 4 በመቶ ያህል ነው። ነዳጅ መተው የጠገበ ሰው ወሬ ነው ብሎ እኔንም በስም ጠርቶ ወረፈኝ። እናቴ ከሰል ማያያዟን ለክርክር መጠቀሜም አልጣመውም።

መልስ 12 እና 13። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ለ11 በጨዋነት መለሰ። እሱ ራሱ ባለ 14 ቶኑ አገር ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የዞረው ለአየር ንብረት ብሎ እንዳልሆነ ተናገረ፣ ቤንዚን ቀኑን ስለሚበላበት ነው። ከኦስሎ የጻፈችው ደግሞ ሙሉውን አስቀመጠችው። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዲስ የቤት መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የኤሌክትሪክ ናቸው። መብራቷም እንደኛ ከውኃ ነው። ግን ያው ኖርዌይ ነዳጅና ጋዝ ከባሕር አውጥታ ለሌላው ትሸጣለች። ከተማው ጸጥ ብሏል፣ አየሩ ጠርቷል፣ ገንዘቡ ግን ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል።

መልስ 14። ለ13 ስድብ ቀረሽ መልስ ነው። ግብዝነት ብሎ ጀመረ፣ በውጭ ያሉትን ሁሉ በአንድ ቋት ከተተ። አልደግመውም። እህታችን ግን እውነቱን ሳትሸፍን ስለተናገረች መሰደብ አልነበረባትም።

መልስ 15። የእኔ ነው። ለ11 ቁጥሩ ልክ እንደሆነ ተቀበልኩ፣ ድምዳሜው ላይ ግን አልተስማማሁም። ነዳጅ የምንተወው ለሌላው ውለታ ለመዋል አይደለም። ነዳጅ የለንም፣ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥተን እንገዛለን። የነዳጅ መርከቦች በሚያልፉበት በሆርሙዝ ባሕር ሰርጥ ላይ አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ወላይታ ላይ የድንች ዋጋ ይጨምራል። ውኃው፣ ነፋሱና ፀሐዩ ግን እዚሁ ያሉ ናቸው። ደግሞም ቤንዚን ሞተር ከሚቃጠለው ጉልበት ሩቡን ያህል ብቻ ነው ወደ ጎማው የሚያደርሰው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበተናል። በዶላር ገዝተን ሦስት አራተኛውን አየር ላይ እንበትናለን። ይሄ ያንገበግበኛል።

መልስ 16። ሒሳብ የሚገባው ሰው ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ ባትሪውም መኪናውም በዶላር ነው የሚገዛው። ልዩነቱ መኪና አንዴ ሲገዛ ነዳጅ በየቀኑ መገዛቱ ነው። ሁለተኛውን ማንም አላነሳውም ነበር። የመንገድ ጥገና ገንዘብ በከፊል የሚሰበሰበው ከነዳጅ ላይ ነው። ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ ከዞረ መንገዱን ማን ይጠግናል? መልስ አልሰጠም፣ ጥያቄውን ብቻ ትቶልን ሄደ። እኔም እስካሁን መልስ የለኝም።

መልስ 17። መካኒክ ነው። ጋራዥ ውስጥ 20 ዓመት ሠርቷል፣ ሞተር በድምፁ ያውቃል። ይሄን መልስ ከልቤ ነው ያነበብኩት። አሁን የሚመጡለት መኪኖች ሲከፈቱ ውስጣቸው ብርቱካናማ ኬብል ነው፣ መንካት ያስፈራል፣ ሥልጠናም የሰጠው የለም። ስክሪኑ በቻይንኛ የተጻፈ መኪና መጥቶለት በስልኩ ካሜራ እያስተረጎመ ሠርቶታል። አንዱ መኪና ባትሪው ችግር ገጥሞት ግቢው ውስጥ ሰባት ወር ቆሟል፣ ባለቤቱ እየመጣ አይቶት ይሄዳል። ለውጡን አይጠላም። ግን የመርካቶ የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ዘይት ቀያሪው፣ ሲሊንደር አስተካካዩ፣ ሁሉም በነዳጅ መኪና እንጀራ የሚበላ መሆኑን ማንም ሲያነሳ አልሰማም። ከአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም እንድንማር መከረ። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ሁላችን ተደስተን ነበር። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ግን መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል። ኤሌክትሪክ ስለሆነ ብቻ ነገር አይሄድም፣ የሚጠግነው ያስፈልጋል።

ለመካኒኩ 30 የሚሆኑ ሰዎች ምስጋና አስፍረውለታል። ሲገባው ነው።

መልስ 18። የግብርና ባለሙያ ናት፣ ክሩን ወደ ማሳ ወሰደችው። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ ጉልበት ብቻ አይደለም፣ ሃይድሮጅኑ ከእሱ ይወጣል፣ ከአየር ናይትሮጅን ጋር ተዋህዶ አሞኒያ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ማሳው ላይ ዩሪያ የሚበትን ገበሬ ሳያውቀው ጋዝ ነው የሚበትነው። ነዳጅ ነገ ይቁም ያለ ሰው ለዚህ ገበሬ መልስ ይዞ መምጣት አለበት።

መልስ 19። ለ18 የተሰጠ መልስ ነው፣ ከዚህ ክር ከተማርኩት ሁሉ ያስደነቀኝ ይሄ ነው። ማዳበሪያ ያለ ጋዝ ይሠራል፣ ተሠርቷልም፣ ያውም በዓባይ ውኃ። ግብጽ ውስጥ አስዋን ላይ ያለው ኪማ የተባለው ፋብሪካ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ከአስዋን ግድብ በሚያገኘው መብራት ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየለየ ማዳበሪያ ያመርት ነበር። በኋላ ወደ ጋዝ ዞረ። ስለዚህ ጥያቄው ይቻላል አይቻልም አይደለም፣ የመብራት ዋጋ ነው።

መልስ 20። ሲሚንቶ። ፋብሪካዎቹ እቶናቸውን የሚያሞቁት በድንጋይ ከሰል ነው። እሳቱን ብንቀይረው እንኳ ኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲሞቅ ካርቦን ይለቃል፣ ከሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላዩ ከዚያ ነው። አጭር መልስ ናት፣ የተከራከራት የለም።

መልስ 21። ከሶማሌ ክልል የጻፈ ወጣት ነው። መልሱ ስለት አለው፣ ቁጣውም መሠረት አለው። ካሉብ ላይ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ 50 ዓመት አልፎታል። የጋዝ ማውጫው የመጀመሪያ ምዕራፍ መስከረም 22 ቀን 2018 ሲመረቅ አገሩ ተደስቷል። አሁን ጋዙ ከመሬት ሲወጣ ነው እንዴ ነዳጅ ይቅር የሚባለው? ከ2020 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። የአያቱ ግመሎች ተረፉ፣ ከብቶቹ ግን አለቁ። ድርቁን ያጠኑ ሳይንቲስቶች የአየር ንብረት ለውጥ የመከሰቱን ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳባዛው ደምድመዋል። በሌላው ጭስ ከብቱ ያለቀበት ሕዝብ የራሱን ጋዝ እንዳይነካ መንገር ፍትሕ ነው ወይ? ጎዴ ላይ ሊሠራ የታሰበው የማዳበሪያ ፋብሪካም በዚሁ ጋዝ የሚሠራ መሆኑን ለ18 አስታወሰ።

መልስ 22 እና 23። አንዷ በጣም መረር ብላ መለሰችለት። ከብቱን የጨረሰው ነገር ጋዝና ነዳጅ መሆኑን ካመነ እንዴት መልሶ ጋዝ ይመርጣል? እ.ኤ.አ. 2024 የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ በላይ የጨመረበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ዓለም ዱባይ ላይ በ2023 በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ከእነዚህ ነዳጆች ለመሸጋገር ተስማምቷል፣ በ2027 ደግሞ ያው ጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣል (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ጋዝ እያወጣን ነው የምንቀበላቸው? ወጣቱ በ23 መለሰ። እሱ የመረጠው ጋዝን አይደለም፣ መብራትን ነው። የአያቱ መንደር ላይ እስከ ዛሬ አንድ የመብራት ምሶሶ የለም። ምሶሶው ከመጣ ጋዙ መሬት ውስጥ ቢቀር ግድ የለውም። ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 24። የሚያስታውስ ሰው ጥሩ ነው። ግንቦት 2011 ላይ የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ነዳጅ ትተን ሁሉንም ውኃ ላይ ካደረግን ድርቅ ሲመጣ ምጣዱም መኪናውም ባቡሩም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ነፋሱ ይጨመር፣ አዳማና አሸጎዳ ላይ ተጀምሯል። የስምጥ ሸለቆው የእንፋሎት ጉልበትም አለ። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ዋናው ጽሑፌ ላይ ይሄን አለማንሳቴ ጉድለት ነው።

መልስ 25 ስለ ቢትኮይን ነው። መብራታችን ለቢትኮይን አምራቾች መሸጡ ሦስት ሰዎችን አናከሰ። በ26 የመድረኩ አስተባባሪ ሌላ ክር እንዲከፍቱ ጠየቃቸው።

መልስ 27። ከለንደን የጻፈች ነርስ ናት። እንግሊዝ የመጀመሪያውን የድንጋይ ከሰል መብራት ማመንጫ የከፈተችው በ1882 ነበር፣ የመጨረሻውን የዘጋችው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። በ2012 እንኳ የመብራቷ 40 በመቶ ያህል ከድንጋይ ከሰል ነበር። በ12 ዓመት ወደ ዜሮ ወረደ። ነፋስ ተካው፣ ጋዝም ተካው። ያ እሷን ተስፋ ይሰጣታል፣ ግን የመስመር ዝርጋታው ከማመንጫው በፊት መሠራት እንዳለበት እዚያም በየቀኑ ይጨቃጨቁበታል።

መልስ 28። ይህችን እህት ሳላመሰግን አላልፍም። እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክባለች፣ ስምንት ምጣድ አላት። የከሰል ነገር ላይ አረመችኝ። ከሰል ከዛፍ እንጂ ከመሬት የሚወጣ ነዳጅ አይደለም፣ አቀላቅዬዋለሁ። ግን ከዚህም የባሰውን ነገረችኝ። ድሮ እናቷ በላምባ ታበስል ነበር። ላምባ ሲወደድ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ከሰል ተመለሰ። ነዳጅ ሲወደድ ሰው ሁልጊዜ ወደ ፊት አይሄድም፣ መብራቱ ከሌለ ወደ ኋላ ወደ ዛፉ ይመለሳል። የእሷም ስምንት ምጣድ ጀርባ የናፍጣ ጄኔሬተር አለ። መብራት ሲሄድ ሊጡ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል። ጄኔሬተሩን ትጠላዋለች፣ ጭሱ ግቢው ውስጥ ለሚያድጉት ልጆቿ ነው። ግን ሆቴሉ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንጀራውን ይጠብቃል። የምትጋግረው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ያኔ ምጣዱ ይግላል፣ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። ሰው ሁሉ ተኝቶ እሷ ብቻ ስለምትነቃ ነው መብራቱ የሚበቃት።

መልስ 29። መሐንዲሷ ተመለሰች። 28 በልምድ ያገኘችው ነገር ትልቅ ነገር እንደሆነ አስረዳች። መስመሩ የሚጨናነቀው ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ነው። መኪኖቹ ከምሽቱ 5 በኋላ ቢሰኩ ያው ሽቦ፣ ያው ትራንስፎርመር ሁሉንም ሊችል ይችላል። አብዛኞቹ መኪኖች ሰዓት ይሞላላቸዋል፣ ሰው አይሞላውም እንጂ። የሌሊት ታሪፍ ረክሶ ቢወጣ ሰው ራሱ ይለምደው ነበር። ከዚያ ያንን የትራንስፎርመር ጥያቄዋን ደገመችልኝ።

መልስ 30። እኔ ነኝ። ክሩን ለሦስቱ ጎረቤቶች በስልኬ አሳየኋቸው። ሁለቱ ወዲያው ተስማሙ፣ አንደኛው ሌሊት ሐኪም ቤት ስለሚጠራ መኪናው ሞልቶ መገኘት አለበት። እሱ ሳይቀየር ሁለቱ ወደ 5 ሰዓት አዛወሩ። ባለፈው ቅዳሜ ምጣዱ አልደከመም። እናቴ አንድ እንጀራ አጥፋ በሳህን ለዚያ ሐኪም ላከችለት።

መልስ 31 እና 32። መካኒኩ ተደስቶ ጻፈ። 11 ደግሞ ተመልሶ መጣ፣ እንዲህ ያለው ነገር የመንግሥት ሥራ እንጂ የጎረቤት ስምምነት ሊሆን አይገባም ባይ ነው። እዚህ ላይ ልክ ነው። ለሚመለከተው ቢሮ ትራንስፎርመር እንዲቀየርልን ባለፈው ዓመት ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ሰፈሩ ገንዘብ ካዋጣ ሊፋጠን እንደሚችል ተነገረን። ግማሹ ቤት አዋጣ፣ ግማሹ አልቻለም፣ እዚያው ቀረ።

መልስ 33። የቦቴ ሹፌሩ ከሰመራ ነው የጻፈው፣ ሰልፍ ላይ ሆኖ። ትራንስፎርመሩ ስንት ኬቪኤ እንደሆነ መሐንዲሷ ሁለት ጊዜ ጠይቃ ለምን እንዳልመለስኩ ታዘበኝ።

መልስ 34። የእኔ ነው፣ ዛሬ ጠዋት የጻፍኩት። ትላንት አራተኛ የኤሌክትሪክ መኪና በመስመራችን ገብቷል። ዛሬ በ1 ሰዓት ወጥቼ ትራንስፎርመሩ ሥር ቆምኩ። ሳህኑ ዝጓል፣ የስልኬን መብራት አብርቼ ነው ያነበብኩት። ከዚያ መስመሩን ተከትዬ በር በር እየቆጠርኩ እስከ እናቴ ቤት ሄድኩ። ትራንስፎርመሩ 100 ኬቪኤ ነው። ቤቱ 74 ነው።